የሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን፦ ጡረታ ስወጣ ለፓርት ዲ ስንት ጊዜ አለኝ?

ጡረታ ደጃፍ ላይ፦
ለሁላችሁም የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ 67 ሲሆን፣ እስካሁን ሥራ ላይ ስለነበርሁ እኔም የ66 ዓመቷ ባለቤቴም በአሠሪዬ የጤና ኢንሹራንስ ስንጠቀም ቆይተናል። ሜይ 31 ቀን 2026 ጡረታ እወጣለሁ፤ ኢንሹራንሱም በዚያው ዕለት ያበቃል። የሜዲኬርን (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ) ፓርት ኤን፣ ማለትም የሆስፒታል ሽፋኑን፣ ሁለታችንም 65 ሲሞላን ወስደናል። ለፓርት ቢ፣ ማለትም ለሐኪም ሽፋኑ፣ ደግሞ ሥራ ካቆምሁ በኋላ 8 ወር እንዳለኝ ተነግሮኛል። የምወስደው አንድ ርካሽ የደም ግፊት ክኒን ብቻ ስለሆነ፣ ለመድኃኒት ሽፋኑ ለፓርት ዲም ያው 8 ወር ይሠራል በማለት እስከ ኦክቶበሩ ዓመታዊ ምዝገባ ልቆይ አስቤአለሁ። ባለቤቴ ግን የስኳር ሕመም ስላለባት ኢንሱሊን ትወስዳለች። እኔ ብመዘገብ እርሷም በእኔ በኩል ትሸፈናለች? በዓመት ለመድኃኒት ከኪስ የሚከፈለው የ2,100 ዶላሩ ጣሪያስ የሚቆጥረው ምን ምኑን ነው?

የቅጽ ረዳት፦
ወንድሜ፣ 8ቱ ወር የፓርት ቢ ብቻ ነው። የአሠሪ ሽፋን ለሚቋረጥበት ሰው ፓርት ዲ የሚሰጠው ልዩ የምዝገባ ጊዜ ሽፋኑ ካበቃበት ወር ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሙሉ ወራት ሲሆን፣ በእርስዎ ሁኔታ እስከ ጁላይ 31 ማለት ነው። ሽፋኑ የሚጀምረው ከተመዘገቡ በኋላ ባለው ወር የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ፣ አንድም ቀን ሳይሸፈኑ እንዳይውሉ በሜይ ውስጥ ቢመዘገቡ የተሻለ ነው።

በቂ የመድኃኒት ሽፋን ሳይኖርዎ ተከታታይ 63 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቆዩ፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር የአገር አቀፉ መነሻ ክፍያ 1 በመቶ ቅጣት በወርሃዊ ክፍያዎ ላይ ይታከላል። መነሻው በ2026 38.99 ዶላር ነው። እስከ ኦክቶበሩ ምዝገባ ቆይተው ሽፋንዎ በጃንዋሪ ቢጀምር፣ 7 ወር ያለ ሽፋን ስለሚቆዩ ቅጣቱ በዚህ መነሻ ሲሰላ በወር 2.70 ዶላር ገደማ ይሆናል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ፓርት ዲ እስካለዎት ድረስ አብሮዎት ይኖራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በእነዚያ 7 ወራት ሐኪም አዲስና ውድ መድኃኒት ቢያዝልዎ ሙሉውን ከኪስዎ የሚከፍሉ መሆንዎ ነው።

በፓርት ዲ የቤተሰብ ሽፋን የሚባል ነገር የለም። ባለቤትዎ በራሳቸው ስም ይመዘገባሉ፤ የሚመርጡት ዕቅድም ከእርስዎ ቢለይ ምንም ችግር የለውም። አሠሪዎ በየዓመቱ የሚልከውን፣ የመድኃኒት ሽፋኑ ከሜዲኬር የማያንስ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ አይጣሉት፤ ስላለፉት ዓመታት ሲጠየቁ ማስረጃዎ እርሱ ነው።

ፋርማሲስቷ፦
ስለ ጣሪያው ልጨምር። በ2026 ዕቅዶች መጀመሪያ ከኪስ እንዲከፈል የሚጠይቁት መጠን፣ ማለትም ዲዳክቲብሉ፣ ከ615 ዶላር አይበልጥም። ከዚያ በኋላ በመደበኛው አሠራር 25 በመቶ ይከፍላሉ፤ ከኪስዎ የወጣው 2,100 ዶላር ሲደርስ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በዕቅዱ ለሚሸፈኑ መድኃኒቶች ምንም አይከፍሉም። ወርሃዊ ክፍያውና በዕቅዱ ዝርዝር ውስጥ የሌለ መድኃኒት ዋጋ ግን በጣሪያው ውስጥ አይቆጠሩም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እስከ ሜይ ድረስ በአሠሪዎ ኢንሹራንስ የከፈሉትም አይሻገርም፤ በጁን ከዜሮ ይጀምራሉ፣ በጃንዋሪ እንደገና ከዜሮ። ኢንሱሊንን በተመለከተ፣ በዕቅዱ ለተሸፈነ ለእያንዳንዱ የኢንሱሊን ዓይነት የአንድ ወር መጠን ከ35 ዶላር በላይ አይከፈልም፤ ዲዳክቲብሉም አይነካውም። የባለቤትዎ ኢንሱሊን በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ግን በስሙ ፈልገው ያረጋግጡ።

በየቀኑ የማየው ችግር ሰዎች ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ አይተው መምረጣቸው ነው። ያው ክኒን በአንዱ ዕቅድ በርካሹ እርከን፣ በሌላው በውዱ እርከን ይቀመጣል፤ አንዳንዱም ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሌላው መጀመሪያ ርካሹን ሞክሩ ይላል። የመድኃኒቶቻችሁን ስም፣ መጠንና የምትጠቀሙበትን ፋርማሲ በሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ባለው የዕቅድ ማነጻጸሪያ አስገቡና የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ አወዳድሩ።

አንጋፋው ታክሲ ነጂ፦
እኅቴ ያለችው በእኔ ደርሷል፤ ወርሃዊ ክፍያ የሌለውን ዕቅድ መርጬ፣ የደም ማቅጠኛዬ ዋጋ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖብኝ ዓመቱን ሙሉ ተቆጭቻለሁ። ገቢያችሁ ከጡረታ በኋላ የሚቀንስ ከሆነ «ኤክስትራ ሄልፕ» የተባለውን የመድኃኒት ወጪ ድጋፍ በሶሻል ሴኩሪቲ በኩል በነፃ ጠይቁ። የገቢው ወሰን የድህነት መስመሩ 150 በመቶ ነው፤ በንብረትም ወሰን አለው፣ የምትኖሩበት ቤትና መኪናችሁ ግን አይቆጠሩም። ድጋፉን ያገኘ ሰው የመዘግየት ቅጣት አይከፍልም፤ በ2026 ለእያንዳንዱ የተሸፈነ መድኃኒት የሚከፍለውም ለጀነሪክ (የንግድ ስም ለሌለው ርካሽ አቻ) ቢበዛ 5.10፣ ለሌላው ቢበዛ 12.65 ዶላር ነው።

ጡረታ ደጃፍ ላይ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጡረታ በኋላ ሁለታችንም ለሦስት ወር ወደ አገር ቤት ለመሄድ አስበናል፤ እዚያ የምንገዛውን መድኃኒት ይከፍላል?

የቅጽ ረዳት፦
አይከፍልም፤ ፓርት ዲ ከአሜሪካ ውጭ የተገዛን መድኃኒት አይሸፍንም። ከጉዞው ቀደም ብለው ለሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጡ እንደሆነ ዕቅዱን ይጠይቁ፤ ለኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣም ከወዲሁ ያስቡበት።