ጀልባ የሚወድ ሰው በሞተር ሆም ጉዞ ይደሰታል? (ኖርዌይ፣ ሁለት ሳምንት)

ባለጀልባው (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዕድሜዬ 58 ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ እንጂ ሐይቅ የሌለበት አገር ነው። ግን በሥራ ምክንያት ባሕር ዳር 14 ዓመት ኖርኩ፣ የጀልባ ፍቅርም እዚያ ያዘኝ። ጠዋት ጣና ጸጥ ብሎ ተኝቶ፣ ሞተሩን አስነስቼ ወደ ዘጌ ስነሳ የሚሰማኝን ነገር እስካሁን በሌላ በምንም አላገኘሁትም። ከሰዓት ንፋሱ ሳይነሳ መመለስ፣ ገመዱን ማሰር፣ የቀረውን ነዳጅ ማየት፣ ይሄ ሁሉ ለእኔ ሥራ አልነበረም። አሁን ከጓደኞቼ ጋር ላንጋኖ ላይ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ አለችን። ከደብረ ብርሃን ስለሚርቅ በዓመት ሦስቴ ብሄድ ነው።

ልጄ የምትኖረው ኖርዌይ፣ በርገን ነው። በሐምሌ እኔንና እናቷን ጠርታናለች። «አባዬ፣ ሆቴል ለሆቴል ከምንንከራተት ሞተር ሆም እንከራይና ሁለት ሳምንት እንዙር» አለችኝ። አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና ማለት ነው። ቪዲዮም ላከችልኝ። መንገዱ ሁሉ ውሃ ዳር ለዳር ነው።

ጭንቀቴ ይሄ ነው። ያን የመሰለ ውሃ ሁለት ሳምንት ሙሉ በመስታወት እያየሁ ማለፍ ያንገበግበኛል ወይስ ይክሰኛል? ልጄ የምታወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ደስ ሳይለኝ ደስ ብሎኛል ብዬ ልዋሻት አልፈልግም። እንደ እኔ ጀልባ የሚወድ ሆኖ በዚህ ዓይነት መኪና የተጓዘ ካለ እውነቱን ይንገረኝ።

የአንኮበሯ

ጋሼ፣ እንኳን ጠየቁ። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፣ ስዊድን ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ጀልባ ላይ ካልዋለ ቅዳሜ ያለፈ አይመስለውም። ኖርዌይን በሞተር ሆም ሁለቴ ዞረናል፣ ስለዚህ የምነግርዎት ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ በገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤቱን አወቀው። ለምን? ሁሉም ነገር የጀልባ ነገር ስለሆነ ነው። ውሃው በታንከር ነው፣ የእኛው 100 ሊትር ያህል ይይዝ ነበር፣ ሲያልቅ አለቀ። መብራቱ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ጋዙ ከሲሊንደር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ኩባያው፣ ድስቱ፣ መሳቢያው ሁሉ ካልተቆለፈ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወለል ላይ ያገኙታል። እኔ ሳህን አጥቤ ውሃ ሳንቆረቁር እሱ ከኋላዬ ቆሞ «ዝጊው፣ ዝጊው» ይለኛል። ቤት ውስጥ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጀልባ ላይ ግን ሁልጊዜ ይላል። ውሃን፣ መብራትን፣ አየሩን እያሰሉ መዋል የሚወዱ ከሆነ ይሄ መኪና የእርስዎ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርዎትን። ሹፌሩ አገሩን አያይም! ጀልባ ላይ ሞተሩን የያዘውም ሰው ያያል፣ ሲያሻው አጥፍቶ ይንሳፈፋል። መኪና ላይ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከፊት አውቶቡስ ይመጣል፣ ዓይን ከአስፋልቱ አይነሳም። እኛ በመጀመሪያው ጉዞ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት እየነዳን ነበር፤ በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ከመኪናው ወርዶ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እራት ቀርቦ እንኳ አልተነሳም፣ «ይሄን ሁሉ ውሃ አልፌ አንዱንም አልነካሁትም» አለኝ። አሳዘነኝ። በሁለተኛው ጉዞ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ላንነዳ ተስማማን፣ አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት አደርን። ያኔ ነው ጉዞ የሆነው።

መርከቡም አለ። ምዕራብ ኖርዌይ መንገዱ ውሃ ጋ ሲደርስ ያበቃና መኪናው በመርከብ ይሻገራል። የጋዙን ሲሊንደር ዘግታችሁ፣ የእጅ ፍሬን ስባችሁ፣ በሚፈቀድበት መርከብ ላይ ከመኪናው ወርዳችሁ ወደ ላይኛው ወለል ትወጣላችሁ። ከሄለሲልት ወደ ጋይራንገር የሚሄደው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ ከገደሉ ፏፏቴ ይወርዳል። ሹፌሩም እንደ ሰው ቆሞ ያያል። ልጅዎ መንገዱን ስታወጣ መርከብ የሚበዛበትን ትምረጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን፣ ጣራውንም ጭምር በስልክ ቅረጹ። እኛ ያላደረስነውን ጭረት ከመያዣው ቆርጠውብናል፣ ማስረጃ አልነበረንም። እስካሁን ይቆጨኛል።

የጣርማበር ጉም

ሰላም ጋሼ። እኔ ኖርዌይን አላውቅም። መኪና ግን አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ደሴ መስመር ላይ ዕቃ ጭኜ ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። ስለ መንዳቱ ልበል።

ልጅዎ የቤት መኪና ብቻ ነድታ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ትደነግጣለች። አውሮፓ በተራ መንጃ ፈቃድ የሚከራየው ሞተር ሆም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3.5 ቶን ነው። የኋላ ጎማው ከመኪናው ጫፍ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ኋላው ረጅም ነው። ወደ ቀኝ ሲጠመዝዙ ኋላው ወደ ግራ ይጠርጋል። ነዳጅ ማደያ ምሰሶ የሚመታው በዚህ ነው። ለእርስዎ ግን ይሄ አዲስ አይደለም፤ ጀልባም የምትዞረው ከኋላዋ ነው አይደል? አፍንጫዋን ወደ ግራ ሲሉ ኋላዋ ወደ ቀኝ ይወጣል። ስለዚህ እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ኋላውን ይጠብቁላት።

ቁልቁለቱ ሌላ ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከዋሻው ወጥተው ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ፍሬን ብቻ የረገጠ ሰው ታች ሳይደርስ ጎማው ይሸታል። እዚያም ተራራ ነው፣ ትሮልስቲገን የሚባለው መንገድ ብቻ 11 ጥምዝ አለው ሲባል ሰምቻለሁ። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። አውቶማቲክም ቢሆን ማርሹን በእጅ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከኋላ መኪና ሲከማች ቦታ ስታገኝ ዳር ይዛ ታሳልፍ፣ አትቸኩል።

ቁመቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ሰው ቁመት የሚረሳው የቤት መኪና ስለለመደ ነው።

መርሐቤቴ 21

እኔ ከሁሉም የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጀልባ ከወደዱ ለምን መኪና? ጀልባ ይከራዩ። ፈረንሳይ ካናል ዱ ሚዲ የሚባል ቦይ አለ፣ ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራንያን ዳር 240 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ1600ዎቹ የተቆፈረ። አልጋና ወጥ ቤት ያለው ጀልባ ያለ መንጃ ፈቃድ ያከራያሉ፣ ትንሽ ያሠለጥኑና ይለቃሉ። በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙ አይፈጥንም። የሸንገን ቪዛ ለሁለቱም አገር ይሆናል። ልጅዎን ያሳምኗት።

የአንኮበሯ

@መርሐቤቴ 21 ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ልጅቷ በርገን ነው ያለችው፣ አባቷን ማሳየት የምትፈልገውም የምትኖርበትን አገር ነው። እሱን አንርሳ።

ባለጀልባው (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የአንኮበሯ፣ ባለቤትሽ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ሁለቴ አነበብኩት። የፈራሁት እሱን ነው። በቀን ሁለት ሰዓት የሚለውን ለልጄ ነገርኳት፣ ተስማማች።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። እዚያ ትንሽ ጀልባ ለአንድ ቀን መከራየት ይቻላል? ፈቃድ ይጠይቃሉ? የእኔ ልምድ በወረቀት የለም፣ ሁሉም በእጄ ነው።

ስታቫንገር ያለሁ የመንዝ ልጅ

ጋሼ፣ ይቻላል፣ ያውም በደንብ። ፊዮርድ (ባሕሩ በተራሮች መሃል ወደ የብስ የሚገባበት ረጅም ጠባብ ውሃ) ዳር ያሉት የካምፕ ቦታዎች ብዙዎቹ ትንሽ ሞተር ጀልባ ያከራያሉ፣ ከመኪናዎ በር እስከ ጀልባዋ ሃምሳ እርምጃ የሚሆንበት ቦታ አለ። ሕጉ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ከ1980 ጀምሮ የተወለደ ሰው ከ8 ሜትር የሚረዝም ወይም ከ25 የፈረስ ጉልበት በላይ ሞተር ያለው ጀልባ ለመንዳት ፈቃድ ያስፈልገዋል። እርስዎ በዕድሜዎ ከዚያ ነጻ ነዎት። ልጅዎም ብትይዘው የካምፖቹ ጀልባ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ባሕሩ ላይ በዘንግ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ አይጠየቅም። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ግን ፈቃድ ይገዛለታል።

ላይፍ ጃኬት ግዴታ ነው። ከ8 ሜትር በታች የሆነ ጀልባ እየሄደ ሳለ ሁሉም ሰው መልበስ አለበት። እባክዎ ጣና ላይ ዋኝቻለሁ ብለው አይተዉት። ጣና ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሶግነፊዮርድ ከ1,300 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ርዝመቱም ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ውሃው በሐምሌም ይቀዘቅዛል፣ የሚገባበት የበረዶ ቅላጭ ነው። የወደቀ ሰው እጁ ቶሎ ስለሚደነዝዝ ዋና ማወቁ ብቻ አያድነውም። ይሄን የምለው ጀልባ የለመደ ሰው ቶሎ ስለሚዘናጋ ነው።

ማደሪያን በተመለከተ ደግሞ እዚህ ማንም ሰው ተፈጥሮ ውስጥ የመዘዋወር መብት አለው፣ በፈረንጆቹ 1957 የወጣ ሕግ ነው። ድንኳን ከሰው ቤት 150 ሜትር ርቆ መትከል ይቻላል። ሰው ይሄን ይሰማና መኪናውንም የትም ያቆማል። ሕጉ ለመኪና አይሠራም። ማደር በተፈቀደበት ብቻ ያቁሙ። እጣቢውንና የሽንት ቤቱን ሳጥን የሚደፉበት የተለየ ቦታ አለ፣ ጫካ ውስጥ መድፋት ነውርም ወንጀልም ነው።

ከበርገን ሲወጡ ላርዳል ዋሻ ያገኛችኋል። 24.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በፈረንጆቹ 2000 የተከፈተ፣ በዓለም ረጅሙ የመኪና ዋሻ። መሃል ላይ ሰማያዊ መብራት የበራባቸው ሦስት ሰፋፊ ክፍሎች አሉት፣ ሹፌር እንዳይፈዝ ተብሎ። እኔ መጀመሪያ ስገባ የጣርማበር ዋሻ ትዝ አለኝና ልቤ ተነካ። ከዋሻው በኋላ ከፎድነስ ወደ ማንሄለር በመርከብ ትሻገራላችሁ፣ እሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያ መርከባችሁ እሱ ይሁን።

ጊዜውን ደግሞ ከጾሙ ጋር አስተያዩት። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። መሃሉ ላይ ካደረጋችሁት ያጠመዱትን ዓሣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር እዚያው ዳር ጠብሰው ይበላሉ። ቅቤና ቋንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። ጋቢ ግን ያዙ። የበርገን ዝናብ የእኛን ክረምት ይስተካከላል።

የጣርማበር ጉም

የመንዝ ልጅ ጥሩ ብለሃል። እኔም አንድ ልጨምር። መጠጥ ላይ እዚያ ጠንካሮች ናቸው፣ ለሹፌር በደሙ ውስጥ ከሺህ 0.2 በላይ አልኮል አይፈቀድም ብሎኝ ያውቃል አንድ ዘመዴ። ማታ የተጠጣ ጠዋት ደም ውስጥ ይገኛል። የምትነዳው ልጅ ጨርሶ አትቅመስ።

ባለጀልባው (ደብረ ብርሃን)

የመንዝ ልጅ፣ ተባረክ። ያቺን «ከመኪናዎ በር እስከ ጀልባዋ ሃምሳ እርምጃ» ያልካትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ ሁለት ሳምንት መኪና ውስጥ እንዴት ይታደራል ስትል የነበረች ሰው ናት። አሁን ፀሐዩ ሳያልፍ ብላ እንጀራ እየቆረሰች ለድርቆሽ አስጥታለች።

ዛሬ ማታ ከልጄ ጋር ያወጣነው እንዲህ ነው። ሐምሌ 7 እንነሳለን። ሶግነፊዮርድ ዳር ጀልባ የሚያከራይ ካምፕ አራት ሌሊት፣ ጋይራንገር አካባቢ ሦስት፣ የቀረው መንገድ ላይ። ጀልባውን ጠዋት ጠዋት እኔ እይዛለሁ፣ መኪናውን እሷ። መስታወቱን አሁን አልፈራውም፣ በየሁለት ሰዓቱ ከጀርባው እንደምወጣ አውቃለሁ።

የጣርማበር ጉም፣ አንድ የመጨረሻ። መኪናው ዘንበል ካለ አልጋውም ያዘነብላል አለችኝ ልጄ። ታኮ ከዚህ ይዤ ልሂድ?

የጣርማበር ጉም

አይያዙ ጋሼ፣ ኪሎ ይበላብዎታል። ለዚያ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ታኮ አለ፣ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ ያለ፣ ጎማው ይወጣበታል። ሲረከቡ አከራዩን ይጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ አለ። ደረጃውን ለማወቅ ብርጭቆ ላይ ውሃ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ፣ ልጅዎ ቀስ ብላ ትውጣበት፣ እርስዎ ውሃውን ያዩላታል።