የፎቶ ማህደሩ ዳታቤዝ ባክአፕ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

የማህደር ኃላፊ፦
ረቂቁ ይኸውላችሁ። አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።

ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል፣ ለእነሱ አልሰጋም። የምሰጋው ፎቶዎቹን ለምናደራጅበት ፕሮግራም፣ ለዲጂካም፣ ዳታቤዝ ነው። በየፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ መቼና የት እንደተነሱ፣ አባላት ለዓመታት ቁጭ ብለው የለጠፉት ታግ ሁሉ ያለው እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። እሱ ከሄደ በእጃችን የሚቀረው ቁጥር ብቻ የተጻፈበት የፎቶ ክምር ነው። ስሞቹን ከነገሩን አዛውንቶች አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም፤ ሄደን አንጠይቃቸውም።

ሐሳቤ ሦስት ነው። ዳታቤዙ በየሳምንቱ ይገልበጥ። ሁለት ዲስክ ተገዝቶ አንዱ ከቢሮ ውጪ ይቀመጥ። ከጉባኤው በፊት ደግሞ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ይሞከር። ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ አለን ብዬ ጉባኤ ፊት አልቆምም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ዲስክ አይገዛም። የጸደቀው የአንድ ነው። የቀድሞው ሰብሳቢ የሰጡን ዲስክ አለ አይደል? አዲሱን «ዋና»፣ እሱን «ተጠባባቂ» ብለን እንለጥፍበትና እንቀጥል።

ወጣት አባል፦
የሙከራውን ሥራ እኔ እወስዳለሁ፣ ቅዳሜ በላፕቶፔ እመልሰዋለሁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዲጂካም ክፍት እያለ ፋይሉን ኮፒ አታድርጉ። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዋል (WAL) የሚባለው የአጻጻፍ ሁነታው ከበራ የቅርብ ጊዜው ለውጥ ለጊዜው የሚቀመጠው ከጎን ባለ ሌላ ፋይል ነው። ዋናውን ብቻ የገለበጠ ሰው ጎዶሎ ቅጂ ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይዘጋ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
«ተጠባባቂ» የሚለውን አልቀበልም። ያን ዲስክ ስሰጥ ማህደሩ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማህደሩን ያተረፈ ዲስክ ዛሬ ሁለተኛ ተብሎ ይለጠፍበት?

ጸሐፊ፦
«ዲስክ ሀ» እና «ዲስክ ለ» ብንላቸውስ?

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ሀ የትኛው ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
አዲሱ ነዋ። ሰፊ ነው፣ ዕድሜውም ገና ነው። ዲስክ በክብር አይሠራም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
እንዲህ ከሆነ ዲስኬን መልሱልኝ። በውስጡ ያለውን ገልብጡና መልሱ።

ነባር አባል፦
ኧረ ተዉ! ጋሼን እንዲህ መናገር ምን የሚሉት ነው? ያኔ ከኪሳቸው ባያወጡ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር። ስማቸው ዲስኩ ላይ ይጻፍ፣ «ዋና» ይባል፣ አለቀ።

ገንዘብ ያዥ፦
ለጋሼ ያለኝን አክብሮት እሳቸውም ያውቁታል። እኔ ያልኩት የቆየ ዲስክ ድንገት ሊሞት ይችላል ነው። ስማቸው ይጻፍ፣ አልቃወምም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
እሺ፣ ለማህበሩ ስል ትቼዋለሁ። ግን ስም ተጽፎበት ጠረጴዛ ላይ የትም ሲንከባለል ማየት አልፈልግም።

ሌላ አባል፦
ለምን ታጉን ፎቶው ላይ ራሱ አንጽፈውም? ዲጂካም ቅንብሩ ውስጥ አለው። ከዚያ ዳታቤዝ ቢጠፋስ ምን ይጎዳናል?

የማህደር ኃላፊ፦
ይጠቅማል፣ እናድርገው። ግን ሁሉንም አይሸፍንም። በአንድ ላይ ያሰባሰብናቸው ፎቶዎችና በየአልበሙ የጻፍነው መግለጫ ያሉት ዳታቤዙ ውስጥ ብቻ ነው።

ቅዳሜ አልፏል። ሙከራው ምን ላይ ደረሰ? የሚሠራው ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ዲጂካም ስብስቡን የሚለየው በዲስኩ መለያ ቁጥር ነው። ሌላ ዲስክ ላይ ሲመለስ ፎቶዎቹ የሉም ሊል ይችላል፤ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አዲሱን ቦታ ሳታሳዩት ምንም ነገር እንዳትሰርዙ። ፕሮግራሙ መከፈቱም አይበቃም። ትልቁ የቡድን ፎቶ ላይ ያሉትን ስሞች ከፊት ረድፍ ጀምሬ እስከ ኋላ በወረቀት ጽፌያለሁ። ከተመለሰው ጋር ስም በስም ይመሳከር።

ጸሐፊ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ዲስኮቹ መንከባለል የለባቸውም። ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ያስፈልጋል። በሩ ላይም ለማህደሩ አስተዋጽኦ ያደረጉ ሰዎች ስም ይለጠፍ።

ነባር አባል፦
በጣም ጥሩ! ይኼ ጉባኤውንም ያስደስታል።

ገንዘብ ያዥ፦
ቁምሳጥን ከተገዛ አዲሱ ዲስክ ወደሚቀጥለው በጀት ይዛወራል። ሁለቱንም አልችልም።

የማህደር ኃላፊ፦
ታዲያ ምን ልንቆልፍበት ነው? አንድ ዲስክ እዚያው ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል? ውኃ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ፣ ሌባ ቢመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ከቢሮ ውጪ ይቀመጥ ያልኩት ለዚህ ነበር።

ሰብሳቢ፦
ቁምሳጥኑ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል፣ በአጀንዳ ይያዝ። ሳምንታዊው ግልበጣ በጋሼ ዲስክ ይጀመር። የመመለስ ሙከራው ፈቃደኛው ሲገኝ ይታያል።

የማህደር ኃላፊ፦
ፈቃደኛው ስልክ አያነሳም። ሙከራው ከረቂቁ ከወጣ አቅራቢ ተብሎ የእኔ ስም አይጻፍ።

ጸሐፊ፦
እሺ እህቴ፣ ስምሽን አውጥቻለሁ። አንደኛውን የቁምሳጥን ቁልፍ ሰብሳቢ ይይዛሉ፤ ሁለተኛው ማን ጋር ይሁን? እስከ ነገ ማታ አሳውቁኝ፣ ረቂቁን ማተም አለብኝ።