«ፖሊስ ኢዝ» ነው «ፖሊስ አር»?

ባለ ሌሊቱ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ሜሪላንድ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰካራም አጥር ጥሶ ገባና ሪፖርት ጻፍኩ። «ዘ ፖሊስ ኢዝ ካሚንግ» ብዬ ነበር። አለቃዬ «ኢዝ»ን በቀይ ሰርዞ «አር» አደረገው። እሺ፣ የብዙ ሰው ስም ከሆነ «አር» ነው ብዬ ያዝኩ። በሚቀጥለው ቀን «ዘ ሴኪዩሪቲ ቲም አር ሂር» ብዬ ብጽፍ «አር»ን ሰርዞ «ኢዝ» አላደረገልኝም? የተምታታበት እሱ ነው ወይስ እኔ?

ቃል ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ አለቃህ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነው። ያናደደህም ይኸው መሆኑ ይገባኛል።

«ፖሊስ» እንግሊዝኛ ውስጥ መልኩ ነጠላ፣ ግሱ ሁልጊዜ ብዙ ነው። ለንደንም ዋሽንግተንም «ፖሊስ አር» ነው፤ ክርክር የለውም። «ፒፕል»ም እንደዚያው። «ቲም»፣ «ፋሚሊ»፣ «ኮሚቲ»፣ «ገቨርንመንት»፣ «ስታፍ» ግን ሌላ ጎራ ናቸው፤ እኛ በሰዋስው ክፍለ ጊዜ «የጥቅል ስም» ያልናቸው። አሜሪካኖች እነዚህን እንደ አንድ አካል ያዩና «ኢዝ» ይላሉ። እንግሊዞች እንደ አነጋገሩ ሁለቱንም ይሉታል፤ ቡድኑን እንደ አንድ ነገር ካዩት «ኢዝ»፣ ውስጡ ያሉት ሰዎች ከታዩዋቸው «አር»። አንተ ያለኸው ሜሪላንድ ነውና አለቃህን ስማ።

የለንደኗ፦
እዚህ የእግር ኳስ ገጽ ገልጣችሁ እዩ። አርሰናል ሲያሸንፍ የለንደን ጋዜጣ «አርሰናል ዊን» ነው የሚለው፤ «ዊንስ» አይልም። «ኢንግላንድ አር ፕሌይንግ» ከተባለ ቡድኑ ነው፣ አገሩ ከሆነ «ኢንግላንድ ኢዝ»። ልጄ ትምህርት ቤት «ማይ ፋሚሊ አር» ብላ ጽፋ ማንም አላረማትም። ያቺኑ ወረቀት ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ ብልክላት «አስተማሪዋ ምን ነክቷት ነው?» አለችኝ።

ቃል ቆጣሪ፦
ትክክል ነሽ እህቴ። ግን አሜሪካም ስፖርት ላይ ሲደርስ ሕጉ ይላላል። «ቦስተን ኢዝ» ይላሉ፤ የቤዝቦል ቡድኑን ቅጽል ስም ሲጠሩ ግን «ዘ ሬድ ሶክስ አር» ነው። የቅርጫት ኳሱ «ማያሚ ሂት» እንኳ መልኩ ነጠላ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ «አር» ይከተለዋል።

ደግሞ አሜሪካ ራሷ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለችም። በፈረንጆቹ 1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥታቸው የተወካዮች ምክር ቤት «ዘይር ስፒከር» ይመርጣል ይላል፤ አፈ ጉባኤያ«ቸውን» እንደማለት፣ ምክር ቤቱ እንደ ብዙ ሰው ተቆጥሮ። የክህደት ወንጀልን ሲተረጉምም በዩናይትድ ስቴትስ ላይ ጦር ማንሳት ብሎ «አጌይንስት ዜም» ይላል፤ አገሪቱ «እነሱ» ናት ማለት ነው! ባርነትን የሻረው የ1865ቱ 13ኛ ማሻሻያ እንኳ «ዘይር ጁሪስዲክሽን»፣ ሥልጣና«ቸው»፣ ነው የሚለው። ዛሬ ግን «ዩናይትድ ስቴትስ አር» ብትል ፈገግ ይሉብሃል። እኔ በበኩሌ ይህንን ካወቅሁ ወዲህ አራሚ አልፈራም።

መምህርት ነኝ፦
ሃያ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁትን ልጨምር። ልጆቻችን «ፒፕል ኢዝ» የሚሉት ስለሰነፉ አይደለም። አማርኛቸው ነው የሚመራቸው። «ሰዉ መጣ»፣ «ሕዝቡ ወጣ»፣ «ፖሊስ ያዘው»፣ «እንግዳ በዛብኝ»፤ ሁሉም ነጠላ ግስ። «እንግዳ በዛ» የምትል ሴት ወይዘሮ አንድ እንግዳ አላስቸገራትም እኮ፤ ቤቱ ሞልቷል።

ብዛቱ የት ገባ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ አማርኛ ግሱ ጫፍ ላይ አልለጠፈውም፣ ሌላ ቦታ ነው የሸሸገው። «ሕዝቡ ወደየቤቱ ገባ» ስንል «ገባ» ነጠላ ነው፤ ያቺ «የ» ግን ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቤት ታድላለች። «ሰዉ ተበታተነ» ውስጥ «ታተ» የምትለዋ ድግግሞሽ ሰዉን እዚህም እዚያም ትረጨዋለች። «ኮሚቴው እርስ በርሱ ተጨቃጨቀ» እንላለን፤ አንድ «እሱ» ብቻውን እርስ በርሱ ሲጨቃጨቅ! እዚህ ቦታ የለንደን ሰው «ኮሚቲ አር» ማለቱ አይቀርም።

ተረቱንም ልብ በሉት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ሃምሳ ሰው ተቆጥሮ ቆሞ «ጌጣቸው» አይልም፤ «ጌጡ» ነው። ተማሪዎቼን ይህንን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ ስላቸው ግማሾቹ «ሂዝ» ብለው ይጽፋሉ። ቀይ እስክሪብቶዬ ትንሽ ያመነታል።

ባለ ሌሊቱ፦
መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ እኛም «ፖሊስ መጡ» ብንል ምን ይለናል?

መምህርት ነኝ፦
«ፖሊስ መጡ» ካልክማ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ፖሊስ የመጡ ነው የሚመስለኝ። «አባቴ መጡ» እንደምንለው። «መጡ»ን አክብሮት ወስዶብናል፤ አንዱን ትልቅ ሰው ብዙ አድርገን ስለምንጠራ፣ የጥቅል ስም ላይ ስናደርገው ጆሯችን አንቱታ ይሰማል። ይህ ግምቴ ነው እንጂ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት አይደለም። ብዙነቱን ማሳየት የፈለገ «ፖሊሶች መጡ» ይበል፤ «የኮሚቴው አባላት ተስማሙ» ይበል። እንግሊዝኛም ላይ የሚያመነታ «ሜምበርስ ኦፍ ዘ ኮሚቲ አር» ብሎ ቢያልፍ አትላንቲክን ወዲህም ወዲያም ቢሻገር የሚያርመው የለም።

ቃል ቆጣሪ፦
አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ፈተና ላይ ለምትቀመጡ። «አ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ አር»፤ «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢዝ»። የመጀመሪያው «በርካታ ተማሪዎች» ነው፣ ሁለተኛው «የተማሪዎቹ ቁጥር»። በአማርኛ አስበህ ግሱን ከመረጥክ አትሳሳትም።

«ፒፕል» ላይ ደግሞ «ስ» ተጨምሮ ያያችሁ አትደንግጡ። «ፒፕልስ» ሰዎች ሳይሆን ሕዝቦች ነው። የኛ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምር የለ? እንግሊዝኛው ላይ «ፒፕልስ» የሆነው ለዚህ ነው። «ስ»ዋ ብትወድቅ አንድ ሕዝብ ብቻ ይቀር ነበር።

የለንደኗ፦
«ሽማግሌ ላከ» የምንለውስ? አንድ ሰው የላከ ሰው የለም እኮ፤ ቢያንስ ሦስት ናቸው። ሲናገሩ ግን «ሽማግሌዎቹ እንዲህ አሉ» ይሆናል።

መምህርት ነኝ፦
ጥሩ አየሽው። ሲላኩ አንድ ናቸው፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ብዙ። እንግሊዞቹ «ኢዝ» እና «አር»ን የሚያፈራርቁትም በዚሁ ዓይን ነው።

ባለ ሌሊቱ፦
ዛሬ ሌሊት ደግሞ ሪፖርት አለብኝ። አጠገባችን ካለው እርሻ ከብት ወጥቶ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገብቷል፣ እየቀለድኩ አይደለም። «ካትል ኢዝ» ነው «ካትል አር»?

ቃል ቆጣሪ፦
«አር»። እንደ ፖሊስ ነው፤ ለንደንም ሜሪላንድም።

ባለ ሌሊቱ፦
አንድ ላም ብቻ ናት ግን።

ቃል ቆጣሪ፦
እንግዲያስ «ካው» ብለህ ጻፍ።