የቮልስ ሞተር ቤት አድሼ ዘይት እየበላ ነው፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የምታውቁ ካላችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

መኪናዋ የድሮ ቮልስ ናት፣ ባለ 1300 ሲሲ። ሞተሯን ግቢ ውስጥ አውርጄ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚኒ (ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ) ቀየርኩ። ካምሻፍቱም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ ስትነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጣት) አልተውኳትም፣ 20 ደቂቃ ያህል 2000 ዙር አካባቢ ይዣት ቆየሁ። ከዚያ ዘይቱን ደፍቼ ወንፊቱን አጥቤ 2.5 ሊትር አዲስ ሞላሁ። ተራ ዘይት ነው፣ ሲንተቲክ አላስነካኋትም። የቫልቭ ክፍተቱ በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊሜትር ነው።

ችግሩ ጭሱ ነው። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ብታጨስ አይገርመኝም፣ የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ የተጋደሙ ስለሆኑ ዘይት ወደ ሲሊንደር መስረጉ ያለ ነው። ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥም ሰማያዊ ታጨሳለች፣ ቁልቁለት ላይ እግሬን ሳነሳ ደግሞ ምንም የለም፣ ስለዚህ የቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ) አይመስለኝም፣ ፋሻው ገና አልተቀመጠም፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር አልተላመደም ባይ ነኝ። በየትኛው ጎን እንደሆነ በጭሱ አይለይም፣ ሁለቱም ቱቦ ከአንድ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ) ነው የሚወጣው። ካንዴላ ስፈታ ግን ዘይት የነካው የሦስተኛዋን ብቻ ነው፤ ያቺው የዘይት ማቀዝቀዣው አየር የሚከልልባት ጣጠኛ ሲሊንደር!

የሰፈር መካኒኮች ምክር ለየቅል ነው። አንዱ ከ60 በላይ እንዳትነዳ ይለኛል። ሌላው ፋሻ የሚቀመጠው ጭነት ሲያገኝ ነው፣ እንጦጦን አውጣት ይላል፣ እኔም ወደሱ አደላለሁ።

ስንት ኪሎ ሜትር ልታገሳት? ወይስ አሁኑኑ ሦስተኛዋን ከፍቼ የፋሻውን ክፍተት ልለካ?