ለባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ የትኛው አዳፕተር ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። ከአሮጌ ዴስክቶፕ የወጣ ባለ 3.5 ኢንች ሳታ (የኬብል መግጠሚያው ዓይነት ነው) ሃርድ ዲስክ አለኝ። የአባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ላይ ናቸው፤ ሌላ ቅጂ የለም።

ፎቶዎቹን ወደ ላፕቶፕ ልገለብጣቸው ብዬ ስጠይቅ፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያሳዩኝ የዩኤስቢ ኬብል ኃይል የሚወስደው ከላፕቶፑ ብቻ ነው። ያ ለትንሹ ባለ 2.5 ኢንች ይበቃል፤ እሱ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። የእኔው ግን 12 ቮልትም ካላገኘ ሞተሩ አይዞርም። አንድ ሻጭ ባለ 12 ቮልት 1 አምፔር የራውተር አዳፕተር ከሌላ ኬብል ጋር ላቀናጅልህ ይለኛል። ዲስኩ ሲነሳ ወደ 2 አምፔር ሊስብ ስለሚችል ፈራሁ። የጫፉ ፕላስና ማይነስ መግጠሙንስ በምን ላረጋግጥ? ፋይል እየገለበጥኩ መብራት ቢሄድስ?

ባለ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር አብሮት ያለው ኬብል ድሬ ወይም ሐረር የት እንደሚገኝ የምታውቁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ።