ፕሮፖርሽናል ፌር ስኬጁለር ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ በኤልቲኢ (4ጂ ሞባይል) ኔትወርክ ባንድዊድዝን ለተጠቃሚዎች ስለማከፋፈል ነው፤ ሲሙሌሽኑን በማትላብ እየሠራሁ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። የወሰድኩት የ10 ሜጋኸርዝ ባንድ ነው፣ ማለትም በየ1 ሚሊሰከንዱ የሚታደሉ 50 ሪሶርስ ብሎኮች (የባንዱ ትንንሽ ቁራጮች) አሉ፣ እያንዳንዳቸው 180 ኪሎኸርዝ። ብሎኮቹን ቻናሉ (ሲግናሉ) ጥሩ ለሆነለት ብቻ ከሰጠሁ ጠቅላላ ፍጥነቱ ያምራል፣ ከማማው የራቀው ሰው ግን ጦሙን ያድራል። በተራ ካዳረስኩ ደግሞ ብዙ አቅም ይባክናል። ስለዚህ ፕሮፖርሽናል ፌር የሚባለውን ስኬጁለር (ብሎኩ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስን ዘዴ) መረጥኩ፦ የአሁኑ ፍጥነት ለእስካሁኑ አማካይ ፍጥነት ይካፈልና ትልቁን ያገኘ ይወስዳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አማካዩን የማድሰው ሚሊሰከንዱ ሲያልቅ ስለሆነ፣ ስልኩ የሚልከው የቻናል ጥራት ሪፖርትም ለሙሉ ባንዱ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ 50ውም ብሎክ ለአንድ ሰው ይሄዳል! በረጅም ጊዜ ሲታይ ድርሻው ፍትሐዊ ነው፣ ግን ተጠቃሚ ሲበዛ ድምፅ የሚያወራው ሰው ተራው እስኪደርስ ፓኬቱ ይዘገያል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አማካዩን ከእያንዳንዱ ብሎክ በኋላ ባድሰው ያስኬዳል? ወይስ ለየንዑስ ባንዱ የተለየ ሪፖርት ማስገባት ይሻላል? የአማካዩን የጊዜ መስኮትስ (ምን ያህል ጊዜ ወደ ኋላ እንደሚታሰብ) በምን ትመርጡታላችሁ? የሠራችሁበት ካላችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ፣ ኮዱን መላክ እችላለሁ።