የፌደራል መንግሥት ሲዘጋ በኮንትራት የምንሠራ ሰዎች ምን እናድርግ? ተጠያቂውስ ማን ነው?

ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2025

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ምክራችሁን የምፈልገው በሁለት ነገር ላይ ነው። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት ሕንፃ የጽዳት ሠራተኛ ስሆን፣ የቀጠረኝ መንግሥት ሳይሆን ከመንግሥት ጋር ውል ያለው የግል ኩባንያ ነው። ባለቤቴ ደግሞ በአካባቢያችን ካሉት አየር ማረፊያዎች በአንዱ የመንገደኞች ፍተሻ ላይ የሚሠራ የፌደራል ሠራተኛ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን መንግሥት ከተዘጋ ወዲህ የማጸዳው ሕንፃ ስለተዘጋ እኔ ቤቴ ተቀምጫለሁ፤ ባለቤቴ በየቀኑ ሥራ ይገባል፣ ደመወዝ ግን አይከፈለውም። የዚህን ወር ኪራይ ግማሹን ብቻ ነው የከፈልነው። አከራያችን እስካሁን በትዕግሥት ጠብቀውናል፤ ቀሪው በቶሎ ካልተከፈለ ግን ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት እንደሚወስዱት ነግረውናል። እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ በሕግ ምን መጠየቅ ይችላል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ የተጠያቂነት ነው። ባለቤቴ ዋይት ሐውስንም ሁለቱንም ምክር ቤቶች የያዙት ሪፐብሊካኖች በመሆናቸው ጥፋቱ የእነርሱ ነው ይላል። ወንድሜ ደግሞ በጀቱ በሴኔት እንዳያልፍ ድምፅ የከለከሉት ዲሞክራቶች ናቸው ባይ ነው። ነገ የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ነው፤ እኔም ዜጋ ሆኜ ድምፅ ስለምሰጥ፣ በንዴት ሳይሆን ነገሩን ተረድቼ መወሰን እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

እህቴ፣ እኔ የፌደራል ሠራተኛ ስሆን የ2013ቱንም የ2019ኙንም መዘጋት አይቻለሁ። ከሁሉ በፊት እርስዎና ባለቤትዎ በሕግ ፊት በአንድ ረድፍ እንደማትቆሙ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ባለቤትዎ ሥራቸው የሰው ሕይወትና ንብረት የሚጠብቅ ነው ተብሎ ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ከሚታዘዙት ወገን ናቸው። ሌሎች የፌደራል ሠራተኞች ደግሞ ያለ ክፍያ ቤታቸው እንዲቀመጡ ይደረጋል፤ ይህን ፈርሎ እንለዋለን። ጃንዋሪ 2019 የወጣው ሕግ መንግሥት ሲከፈት ለሁለቱም ወገኖች ያለፈው ደመወዛቸው እንዲከፈል ያዛል። በዚህ ኦክቶበር ከዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ፣ ሕጉ ቤታቸው ለተቀመጡት ሠራተኞች ዋስትና አይሰጥም የሚል ሐሳብ መሰማቱ ብዙዎቻችንን አስደንግጦናል፤ እንደ ባለቤትዎ ሥራ እየገቡ ያሉትን ግን ያ ክርክር አልነካቸውም።

እርስዎ ሦስተኛው ወገን ነዎት፤ ለእርስዎ ያለፈውን ደመወዝ የሚያስከፍል ሕግ የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለአንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው ለሚሰጠው ድጎማ፣ ያመልክቱ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለሚኖሩበት ክልል ሳይሆን ለሠሩበት በመሆኑ፣ ቤትዎ ቨርጂኒያ ቢሆንም ማመልከት ያለብዎት ለዲሲ ነው። ይህን ባለማወቅ ለቨርጂኒያ አመልክተው ሳምንታት ያባከኑ ሰዎች አውቃለሁ። ምክንያቱን ሲሞሉ ሥራ በመጥፋቱ ለጊዜው እንደቆሙ እንጂ እንደተባረሩ አድርገው አይጻፉ። ኩባንያው የዕረፍት ቀናትዎን ከፍሎዎት ከሆነም የተከፈለዎትን ያስታውቁ፤ ካላስታወቁ በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመለሳል። የፌደራል ሠራተኛ ፈርሎ ላይ እያለ ይህን ድጎማ ከወሰደ ደመወዙ ሲከፈለው መመለስ አለበት፤ እርስዎ ግን ያለፈው ደመወዝ እስካልተከፈለዎት ድረስ የሚመልሱት ነገር የለም። ባለቤትዎ ሙሉ ሰዓት እየሠሩ ስለሆነ፣ ባይከፈላቸውም ሥራ እንዳለው ሰው ስለሚቆጠሩ በአብዛኛው አይፈቀድላቸውም።

ባለቤትዎ ለጡረታ ካጠራቀሙት ገንዘብ ለማውጣት አይቸኩሉ። ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት የወጣ ገንዘብ ታክስ ይከፈልበታል፤ አሥር በመቶ ቅጣትም አለው። ከዚያ ይልቅ ለፌደራል ሠራተኞች ያለ ወለድ የሚያበድሩ ክሬዲት ዩኒየኖች (የቁጠባና የብድር ማኅበራት) ስላሉ መጀመሪያ እነርሱን ይጠይቁ። የጤና ኢንሹራንሳቸው አይቋረጥም፤ ያልተከፈለው መዋጮ ደመወዝ ሲመጣ ይቆረጣል።

መልስ፦ የፌርፋክስ ነዋሪ

በአንድ የሕግ ቢሮ በረዳትነት እሠራለሁ፤ ጠበቃ ባለመሆኔ የምጽፈው ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ለመጠቆም ነው። የቨርጂኒያ ሕግ፣ የፌደራል መንግሥት 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ተዘግቶ ደመወዝ የተቋረጠበት ተከራይ ኪራይ ባለመክፈል ሲከሰስ ጉዳዩ 60 ቀን እንዲተላለፍለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ የፌደራል ሠራተኞችን ብቻ ሳይሆን ከመንግሥት ጋር ውል ባላቸው ኩባንያዎች የተቀጠሩትንም ያካትታል፤ ስለዚህ ለሁለታችሁም ይሠራል።

ይሁን እንጂ መብቱ ሳይጠየቅ አይሰጥም። መጥሪያ ከመጣ በመጀመሪያው ቀጠሮ በአካል ቀርባችሁ፣ ደመወዛችሁ የተቋረጠው በመዘጋቱ ምክንያት መሆኑን በጽሑፍ ማስረዳት አለባችሁ። እርስዎ ከኩባንያዎ ሥራው የቆመበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ዛሬ ይጠይቁ፤ ባለቤትዎም ከመሥሪያ ቤታቸው የደረሳቸውን ማስታወቂያና ዜሮ የተጻፈበትን የደመወዝ ወረቀት ያስቀምጡ። የፌደራል ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት ለአከራይና ለአበዳሪ የሚላክ የናሙና ደብዳቤ አዘጋጅቷል፤ ስሙንና ቀኑን ሞልቶ መላክ ብቻ ነው። ግማሹን ኪራይ መክፈላችሁ መልካም ነው፤ አከራያችሁ ቀሪውን መቼ እንደሚቀበሉ የተስማማችሁበትን ግን በቃል አትተዉት፣ በኢሜይል እንኳ ቢሆን አስፍሩት።

መልስ፦ የታኮማ ፓርክ ነዋሪ

በኮሌጅ የአሜሪካን የመንግሥት አሠራር ስለማስተምር ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ባለቤትዎም ወንድምዎም የያዙት እውነት አለ፤ ሁለቱም ግን ጥፋትን እንደ አንድ ጥቅል ስለሚያዩት አይግባቡም። ጉዳቱን እየነጠሉ፣ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ሥልጣን የነበረው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ በጀት ሲዘገይ መንግሥት ለምን ይዘጋል የሚለው ነው። በብዙ አገር በጀት ቢዘገይ የአምናው ይቀጥላል እንጂ መሥሪያ ቤት አይዘጋም። በአሜሪካም እስከ 1980 ድረስ መሥሪያ ቤቶች ኮንግረስ እስኪስማማ እየሠሩ ይጠብቁ ነበር። በዚያ ዓመትና በቀጣዩ የፍትሕ ሚኒስትሩ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ፣ ያልተፈቀደ ገንዘብ ማውጣትን የሚከለክለውን የ1884 ሕግ አጥብቀው በመተርጎም፣ ሕይወትንና ንብረትን ከመጠበቅ በቀር ሥራ ሁሉ መቆም አለበት አሉ። ኮንግረስ የአምናው በጀት በራሱ እንዲቀጥል የሚያደርግ ሕግ በማውጣት ይህን ለዘለቄታው ማስቀረት ይችላል፤ ከሁለቱም ፓርቲዎች ሐሳቡ ደጋግሞ ቢቀርብም አላለፈም። ለዚህኛው ጥፋት ሁለቱም ፓርቲዎች እኩል ይጠየቃሉ፤ ምክንያቱም የመዘጋት ስጋት እጅ መጠምዘዣ ሆኖ ስለሚያገለግላቸው ሊተዉት አልፈለጉም ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው፣ ከበጀቱ ጋር ሌላ ጥያቄ ያያያዘው ማን ነው የሚለው ነው። በ2013 ሪፐብሊካኖች የኦባማን የጤና ሕግ ለማስቆም ፈልገው ለ16 ቀን ተዘጋ። በ2018 ማብቂያ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው እስከ ጃንዋሪ 2019 ድረስ ለ35 ቀን ተዘጋ፤ ያን ጊዜ ለድንበር ጥበቃ ስል መንግሥትን መዝጋት ያኮራኛል ብለው በቴሌቪዥን ፊት ኃላፊነቱን ወስደው ነበር። ዘንድሮ ጥያቄ ያያያዙት ዲሞክራቶች ናቸው። የተወካዮች ምክር ቤት ሴፕቴምበር 19 ያሳለፈው ጊዜያዊ በጀት በሴኔት 60 ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ሪፐብሊካኖች ያላቸው 53 ነው። ዲሞክራቶችም በዓመቱ መጨረሻ የሚያበቃው የጤና ኢንሹራንስ ድጎማ ካልተራዘመ አንደግፍም ብለው ከአሥር ጊዜ በላይ ከልክለውታል። ወንድምዎ የሚሉት ይህን ነው፤ ልክ ናቸው። በሌላ በኩል የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን ከዚያ ቀን ወዲህ ምክር ቤቱን ለድምፅ አልጠሩም፤ ፕሬዚዳንቱም መጀመሪያ ይከፈት በማለት ለድርድር አልተቀመጡም፤ የ60 ድምፁን ደንብ ለመለወጥም ሆነ ለመደራደር የሚበቃው ብዙኃነት ያላቸው ሪፐብሊካኖች ናቸው። ባለቤትዎም እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ሰው ብዙም አያነሣውም፤ መንግሥት ከተዘጋ በኋላ ጉዳቱ በማን ላይ እንዲበረታ ተወሰነ? በ2019ኙ መዘጋት ጊዜ የትራምፕ አስተዳደር የፌብሩዋሪን ፉድ ስታምፕ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የምግብ ድጎማ) ቀደም አድርጎ በጃንዋሪ ከፍሎ ነበር። ዘንድሮ ግን ያው አስተዳደር ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የመጠባበቂያ ገንዘብ እያለ የኖቬምበሩን አልከፍልም አለ፤ ሁለት የፌደራል ዳኞች ኦክቶበር 31 በገንዘቡ መጠቀም አለበት ብለው ወሰኑ። መጠባበቂያው ለሙሉው ወር አይበቃም፤ ሆኖም 42 ሚሊዮን ሰው በሚመገብበት ፕሮግራም ላይ ጭራሽ ላለመክፈል የተወሰነው በሴኔት ድምፅ ሳይሆን በአስፈጻሚው ፈቃድ ነው። ለዚህኛው ጉዳት ጥፋቱን ለሁለት መክፈል ፍትሕ አይመስለኝም።

ሕዝብ ግን በዚህ መንገድ ነጥሎ አይመዝንም። በ2013ቱ መዘጋት ወቅት ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መመዘኛ ድርጅት በጠየቀው ሕዝብ ዘንድ የሪፐብሊካን ፓርቲ ተቀባይነት ወደ 28 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በዓመቱ ግን ያው ፓርቲ በሴኔት ዘጠኝ ወንበር ጨምሮ አሸነፈ። ፖለቲከኞች ሕዝብ ይረሳል ብለው የሚደፍሩት ይህን ስላዩ ነው። ነገ ለማን እንደሚመርጡ ልነግርዎ አልችልም፤ ገዢው የፌደራልን በጀት እንደማይወስን ግን ያስታውሱ። ዕጩዎቹን ክልሉ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለተከራይና ለተራበ ሰው ምን ያደርጋል በሚለው ይመዝኗቸው።

መልስ፦ የሾፌር አስተያየት፣ ከአርሊንግተን

መምህሩ ስላብራሩት ነገር አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የኢንሹራንሱን ድጎማ ከበጀቱ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄ ብለው ማለፋቸው አልተዋጠልኝም። እኔና አብረውኝ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን ቀጣሪ ስለሌለን ኢንሹራንሳችንን የምንገዛው በጤና ሕጉ ከተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ፣ ከማርኬትፕሌስ ነው። በ2021 የጨመረው ድጎማ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ሲያበቃ ወርኃዊ ክፍያችን በብዙ ይጨምራል። ዲሞክራቶች የያዙት ጉዳይ የእኛ ጉዳይ ነው፤ በሌላ ጊዜ ሲጠይቁት ሰሚ አላገኙም። እህታችን ያለባትን ችግር አቅልዬ አይደለም፤ አየር ማረፊያው ሲቀዘቅዝ የእኔም ገቢ ይቀንሳል።

መልስ፦ የታኮማ ፓርክ ነዋሪ

ወንድሜ፣ ጥያቄው የሚገባ መሆኑን አልካድኩም። የእኔ መመዘኛ ጥያቄው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። የሚጠየቀው ነገር መልካም ሲሆን እንኳ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ድርድሩ ውስጥ የሌለ የጽዳት ሠራተኛ ከሆነ መንገዱ ሊጠየቅ ይገባል እላለሁ። ይህን በ2013 ለሪፐብሊካኖች ካልኩ ዘንድሮ ለዲሞክራቶችም ማለት አለብኝ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፣ ኖቬምበር 14

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዲሲ አመልክቻለሁ፤ ከኩባንያው ደብዳቤ አግኝቼ ለአከራያችን ስለሰጠሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቁን በጽሑፍ ተስማምተዋል። ከትናንት በስቲያ ማታ ሕጉ ተፈርሞ መንግሥት ተከፍቷል፤ ለባለቤቴም ያለፈው ደመወዝ እንደሚከፈለው ተነግሮታል። እኔ ግን አለቃዬን ስጠይቅ ላልሠራሁባቸው ሳምንታት የሚከፈል ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። ይህ የመጨረሻ ቃል ነው? ደግሞስ ጃንዋሪ ላይ እንደገና ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

እህቴ፣ የሚያሳዝን ቢሆንም አለቃዎ የነገሩዎት በሕጉ መሠረት ልክ ነው። 43 ቀን የፈጀውን መዘጋት ያስቆመው ሕግ ለፌደራል ሠራተኞች ያለፈውን ደመወዝ አረጋግጧል፤ ከኦክቶበር 1 ወዲህ በቅነሳ የተባረሩትንም መልሷል፤ በኮንትራት ስለሚሠሩት ግን ምንም አይልም። የሚኒሶታዋ ሴናተር ቲና ስሚዝና የማሳቹሴትሷ ተወካይ አያና ፕሬስሊ ከ2019 መዘጋት ጀምሮ እንደ እርስዎ ያሉት ሠራተኞች ያለፈ ደመወዝ እንዲያገኙ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አቅርበዋል፤ እስከ ዛሬ አላለፈም። ባለፈው ሳምንት ስለ ተጠያቂነት ሲጠይቁ ለነበረው ነገር ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው። የቨርጂኒያ ሁለቱ ሴናተሮች ዲሞክራቶች ሆነው ሳለ ቲም ኬን መንግሥት እንዲከፈት ሲደግፉ ማርክ ዋርነር ተቃውመዋል፤ የአሌክሳንድሪያ ተወካይ ደግሞ ዶን ባየር ናቸው። ለሦስቱም ቢሮ ደውለው ያንን ረቂቅ ይደግፉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የደወሉበትን ቀንና መልሱንም ይጻፉ። ከአንድ ሕንፃ የምታጸዱ ሁላችሁ ብትደውሉ ይበልጥ ይሰማል፤ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁም ተወካያችሁን ይዛችሁ ተነሡ።

የጃንዋሪው እውነት ነው። አዲሱ ሕግ አብዛኛውን መንግሥት የሚያቆየው እስከ ጃንዋሪ 30 ቀን 2026 ብቻ ነው። የግብርና ሚኒስቴር፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይና የኮንግረሱ የራሱ በጀት ግን እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን ጸድቋል፤ ፉድ ስታምፕም በግብርና ሚኒስቴር ሥር ስለሆነ እስከዚያ አይነካም። ስለዚህ የሚያጸዱት ሕንፃ በየትኛው ሚኒስቴር በጀት እንደሚተዳደር አሁን ይጠይቁ፤ ከተጠቀሱት ውስጥ ከሆነ የሚቀጥለው መዘጋት ቢመጣም ሥራዎ ሊቀጥል ይችላል። ከእነርሱ ውጭ ከሆነ ደግሞ የኩባንያውን ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀቶችዎንና የዲሲ ማመልከቻዎን መለያ ቁጥር በአንድ ላይ ያስቀምጡ። ሥራ በገቡበት ሳምንት ያገኙትን ገቢ ያስታውቁና ድጎማውን ለማግኘት በየሳምንቱ የሚሞሉትን ማረጋገጫ ያቁሙ፤ እንደገና ቢዘጋ ያንኑ ማመልከቻ ማስከፈት ይቻል እንደሆነ በዚያው ሳምንት ቢሮውን ይጠይቁ።